የድሮ ዳይናኮ ቲዩብ አምፕ፦ ልጠግነው፣ ላሻሽለው ወይስ ልሽጠው? (አዳማ)

ሸክላ_በፍራንኮ፦

ሰላም ቤቶች። ስለ ድሮ ቲዩብ አምፕ (እንደ አምፖል በሚበሩ የመስታወት ቲዩቦች የሚሰራ የድምፅ ማጉያ) የገባው ሰው እዚህ አይጠፋም ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዕቃው ዳይናኮ ኤስቲ-70 ነው፣ አሜሪካ ሰራሽ። አጎቴ አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ፣ ቃኘው፣ ተቀጥሮ ሲሰራ ከአንድ አሜሪካዊ ገዝቶት ነው። በ1969 ዓ.ም. ጣቢያው ሲዘጋ ጠቅልሎ አዳማ ገባ፣ አምፑም አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት ነው የኖረው። ዘንድሮ «ውሰደው፣ አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ ሰጠኝ። የማውቅበት ማጫወቱን ብቻ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለችኝ፣ ማታ ማታ የጥላሁንን፣ የብዙነሽን፣ የማህሙድን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አስደምጣለሁ፣ እና ይህን ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ቲዩቦቹ ሲበሩ ሰው እንዲያያቸው እፈልጋለሁ።

አሁን ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። አራት ትልልቅ ቲዩብ አለው፣ ሁለት ትንንሽ፣ ከትልቁ ትራንስፎርመር ጎን ደግሞ ሌላ አንድ። ይሰራል፣ ግን በግራ በኩል ድምፁ አንሷል፣ ከስር እምምም የሚል ነገርም አለው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲቆይ ከግራዎቹ ቲዩቦች አንዱ ውስጡ ያለው ግራጫ ብረት ይቀላል። ሌሎቹ መሀላቸው ላይ ብቻ ነው ብርቱካናማ ብርሃን የሚታየው፣ የዚህኛው ግን ብረቱ ራሱ እንደ ምድጃ ፍም ይሆናል።

ሁለት ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። አንደኛው ሳይከፍተው «ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ውስጡን አውጥቼ ባለ ብሉቱዝ ቦርድ ልግጠምልህ፣ ቲዩቦቹን ለጌጥ ከስር በኤልኢዲ አበራልሃለሁ» አለኝ። ሁለተኛው «ሙሉ አፕግሬድ» ያለውን ዘረዘረልኝ፦ ካፓሲተሮቹን ሶስት እጥፍ ትልቅ በሆኑ መቀየር፣ ትራንስፎርመሩ ጎን ያለውን ቲዩብ አውጥቶ በዳዮድ መተካት፣ አራቱን ትልልቅ ቲዩቦች ኬቲ88 በሚባል ሌላ ቲዩብ መለወጥ። ዋጋውን ስሰማ የቡና ማሽኔን የምሸጥ ነው የመሰለኝ። በዚህ መሀል ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ «ትራንስፎርመሮቹን ብቻ ነቅዬ ልግዛህ፣ ቀሪውን ጣለው» ብሎኛል።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን ትመጣለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አለ ብላኛለች። ምን ላስመጣ? ላሻሽለው? እንዳለ ልጠግነው? ወይስ ሸጬው ልገላገል?


ጋሽ_ብየዳ፦

ልጄ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ያ የቀላው ብረት ፕሌት ይባላል። የአንተ ቲዩቦች ኢኤል34 ናቸው፣ ፕሌታቸው የሚችለው 25 ዋት ነው፣ ከዚያ ካለፈ ይቀላል። ቲዩብ ቢቃጠል ይገዛል። ችግሩ ያ ሁሉ ከረንት የሚያልፈው ቲዩቦቹን ከስፒከሩ በሚያገናኘው አውትፑት ትራንስፎርመር ውስጥ ባለው ቀጭን ሽቦ መሆኑ ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ጨዋታው አበቃ። ያ «ትራንስፎርመሩን ብቻ ልግዛህ» ያለህ ሰውዬ ሞኝ እንዳይመስልህ፣ የቱ ጋ ዋጋ እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል። ዳይናኮ ይህን አምፕ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲያወጣ ቆርቆሮውንም ቦርዱንም ቀለል አድርጎ ነው ዋጋውን ያወረደው፣ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ላይ ግን አልቆጠበም። በቻናል 35 ዋት ነው፣ ለካፌህ ይተርፍሃል። ደግሞ ብዙው በኪት ነበር የሚሸጠው፣ ገዢው ቤቱ ገጣጥሞ ይበይደዋል። የአንተንም አንድ ወታደር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የበየደው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ስትከፍተው ብየዳውን አንድ በአንድ እይ። በፋብሪካ ስራ የማታየው ዓይነት ብየዳ ታገኝበታለህ።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሲቀዘቅዝ የሚቀላውን ቲዩብ ከቀኝ በኩል ካለ ጤነኛ ጋር አቀያይር። ስፒከሮቹ መገናኘታቸውን አረጋግጥ፣ ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ተበርቶ ሸክላ ከተለቀቀበት አውትፑት ትራንስፎርመሩ ውስጥ ብልጭታ ፈጥሮ ራሱን ይበላል። ከዚያ አብራና ዓይንህን አትንቀል። መቅላት እንደጀመረ አጥፋ፣ እስኪፈም አትጠብቅ። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ወደ ቀኝ ከሄደ ቲዩቡ ነው ያለቀው። እዚያው ቀዳዳ ላይ ከቀረ ጥፋቱ ከስር ነው፤ ወይ ካፕሊንግ ካፓሲተሩ (ድምፁን ከትንንሾቹ ቲዩቦች ወደ ትልልቆቹ የሚያሻግረው) አርጅቶ ዲሲ ያሳልፋል፣ ወይ የሶኬቱ ጥርስ ላልቷል፣ ወይ አቧራ ገብቶበታል፣ የአዳማን አቧራ ደግሞ ላንተ አልነግርህም። የግራዎቹ ሁለቱም ከቀሉ የግራውን ባያስ ማስተካከያ እይ፤ ባያስ የቲዩቡን ከረንት የሚገታው ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ነው። አራቱም ከቀሉ ሴሌኒየሟን ጠርጥር። ባያስ የሚሰራላቸው አንዲት ትንሽ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የምትቀይር) አለች፣ ከዕድሜ ብዛት ትደክማለች፣ እሷ ስትደክም ባያሱ ይወርዳል፣ ቲዩቦቹ ያለ ልጓም ይጋልባሉ። አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ይተካታል፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው።

ስለ ሁለቱ ባለሙያዎች። የብሉቱዙን ልጅ ከደጅህ አታስጠጋው። ኬቲ88 የሚለውም ለዚህ አምፕ አይደለም። የአንድ ኢኤል34 ማሞቂያ 1.5 አምፔር ይስባል፣ ኬቲ88 1.6 ነው፣ በአራት አባዛው። የኤስቲ-70 ፓወር ትራንስፎርመር ድሮም እጅ የማያስቀምጥ ነው፣ ተጨማሪ ሸክም አትጫንበት። በዚያ ላይ ያው ትራንስፎርመር እስካለ ድረስ ዋቱ አይጨምርም።


የታቦር_ልጅ (ሀዋሳ)፦

ጋሼ ያሉትን ሁሉ እፈርማለሁ፣ መጀመሪያ ጥገና። ግን «ድሮ የተሰራ አይነካም» ወደሚለው እንዳትሄዱብኝ። እኔ እዚህ ሀዋሳ በብዛት የባንድ ልጆች ጊታር አምፕ ነው የምሰራው፣ ኤስቲ-70 ግን ለአንድ ደንበኛ ገልብጬ አይቻለሁ።

የዚህ አምፕ ደካማ ጎን መሀል ላይ ያለው ቡናማ ቦርድ ነው። ሁለቱ ትንንሽ ቲዩቦች እሱ ላይ ነው የተሰኩት፣ ሙቀቱን ለዓመታት እያገላበጠ ያበስለዋል፣ ከስር ያለው የመዳብ መስመር ይላጣል፣ የድሮዎቹ የካርቦን ሬዚስተሮችም ከተጻፈባቸው ዋጋ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ጫፉ ጠቁሮ ከሆነ ሶልደሩን ስታስነካው መስመሩ እጅህ ላይ ነው ተነስቶ የሚመጣው። ሁለተኛው ችግር ቲዩቦቹ ራሳቸው። 7199 ናቸው፣ እንደ ልብ የሚገኝ ቲዩብ አይደለም፣ የተገኘውም ዋጋው ይቆነጥጣል። ስለዚህ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብሎን ቀዳዳ የሚገጥም አዲስ ድራይቨር ቦርድ ውጭ ይሸጣል፣ እንደ 12ኤዩ7 ያለ በቀላሉ የሚገኝ ቲዩብ የሚቀበል አለ። ምንም አትቦረቡርም፣ ምንም አትቆርጥም። የድሮውን ቦርድ በፌስታል ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለህ። ነገ ሀሳብህን ብትቀይር ትመልሰዋለህ። የእኔ መስፈርት ይሄ ነው፤ መመለስ የሚቻል ለውጥ ከሆነ ሞክረው፣ ድሪል የሚነሳበት ከሆነ ተወው። ቦርዱ ደህና ከሆነና 7199ዎቹ ብቻ ከደከሙ ደግሞ 6ጂኤች8ኤ የሚባለውን ቲዩብ በአዳፕተር መሰካት ይቻላል። እግሩ ስለማይመሳሰል ነው አዳፕተር የሚያስፈልገው፣ ዝም ብለህ እንዳትሰካው።

ሶስት እጥፍ ካፓሲተር ያለህ ሰውዬ ግን ዳታ ሺት አላየም። በኦሪጅናሉ ትራንስፎርመሩ ጎን ካለው ሬክቲፋየር ቲዩብ ቀጥሎ ያለው ካፓሲተር 30 ማይክሮ ፋራድ ነው። ሬክቲፋየሩ ጂዜድ34 ይባላል፣ የሚችለው ከፍተኛው 60 ነው። ሶስት እጥፍ ስታደርገው 90 ሆነ፣ ባበራኸው ቁጥር ቲዩቡን በጥፊ እንደመምታት ነው። እሱ ሲሞት ደግሞ «ይኸው፣ በዳዮድ ይቀየር ያልኩህ ለዚህ ነበር» ይልሃል። ዳዮድ ስትገጥም ምን ይሆናል፣ ቲዩቦቹ ገና ሳይሞቁ ሙሉው ቮልቴጅ በአንዴ ይመጣል፣ ያውም ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ 525 ቮልት የሚችሉት ካፓሲተሮች ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። ጂዜድ34 ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ያ መዘግየቱ ጥቅም ነው።

ስለ እምምታው አንድ ነገር ላክልበት። የግቤቱን ሽቦዎች ንቀልና ስማ። ከጠፋ ችግሩ አምፑ አይደለም፣ የሸክላ ማጫወቻህ ኧርዝ ሽቦ አልታሰረም ማለት ነው። ካልጠፋ ዲሲውን የሚያጠሩት ፊልተር ካፓሲተሮች ደርቀዋል። እነሱን መቀየር አፕግሬድ ብለህ አትቁጠረው፣ የመኪና ዘይት ነው።


ቀጥ_አርገህ_ንገረኝ፦

ሰዎች ሁላችሁም ፍቅር ይዟችኋል፣ እኔ የገንዘቡን ላውራ።

ይህ አምፕ ማታ ማታ ለስድስት ሰዓት ያህል ካፌ ውስጥ ሊሰራ ነው። ኢኤል34 በደህና ባያስ 2,000 ሰዓት ገደማ ነው የሚባለው። አስሉት፣ በዓመቱ አራት አዲስ ቲዩብ። አዳማ ኢኤል34 የሚሸጥ ሱቅ ንገሩኝ እስቲ? በየዓመቱ የአክስት ልጅ ሊጠብቅ ነው? ሸክላ ዝም ባለበትም 150 ዋት ገደማ ሲበላ ያመሻል፣ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ በአዳማ ግንቦት! ያንን ማስቀዝቀዣ ቬንትሌተርም ጨምሩበት። ዘመናዊ ክላስ ዲ አምፕ የዚህን ሩብ አይበላም፣ ሰው ልዩነቱን አይለይም፣ ያውም በወሬና በኩባያ ጫጫታ መሀል።

ሌላው ደግሞ «ባንኮኒው ላይ» ያልከው ነገር። ወንድሜ፣ ማኪያቶ የሚደፋበት ቦታ ላይ ከ400 ቮልት በላይ የያዘ ሳጥን? ህጻን ይዞ የሚመጣ ደንበኛስ?

እኔ ብሆን ለትራንስፎርመሩ ሰውዬ ሳይሆን ሙሉውን ለሚፈልግ ሸጬ ብሩን መርፌው ላይ አውለው ነበር። መርፌህ ያለቀ ከሆነ በምን አምፕ ብታጫውት ያው ነው፣ ሸክላውንም እየፋቀው ነው።


ሸክላ_በፍራንኮ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተሳክቶልኛል ማለት ይቻላል።

ጋሼ እንዳሉኝ አቀያየርኩት። ቅላቱ አልተከተለም፣ እዚያው ቀዳዳ ላይ ቀረ፤ ፊት ለፊት በግራ ያለው። የቀየርኩት ጤነኛው ቲዩብ እዚያ ሲገባ መቅላት ጀመረ፣ ወዲያው አጠፋሁ። የታቦር ልጅ፣ ግቤቱን ነቅዬ ሰማሁት፣ እምምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቦርዱ በአንደኛው ትንሽ ቲዩብ ዙሪያ ጠቁሯል፣ የአንድ ሳንቲም ያህል ክብ።

ቀጥ አርገህ፣ መርፌውን ባለፈው ዓመት ነው የቀየርኩት፣ እሱ ላይ አንስማማም። ስለ ባንኮኒው ግን አሳምነኸኛል፣ ከኋላ ያለው መደርደሪያ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ኦሪጅናል የብረት ሽፋኑም አጎቴ ጋ ጣሪያ ስር ተገኝቷል፣ ዝገቱን አራግፌ ቀለም እቀባዋለሁ። ሰው ልዩነቱን አይለይም ላልከው ደግሞ፣ ከደንበኞቼ ግማሾቹ እነዚህን ሸክላዎች በወጣትነታቸው በሬዲዮግራም የሰሙ ናቸው። ይለያሉ። ባይለዩ እንኳ እኔ እለያለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎት። አምፑ 110 ቮልት ስለሆነ በኮንቨርተር ነው የማበራው። አጎቴ የነበረው ትልቁ ጠፍቷል፣ አሁን የምጠቀምበት የፕላስቲክ ትንሽዬ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ 1,600 ዋት ይላል። ችግር አለው?


ጋሽ_ብየዳ፦

አለው እንጂ! ያ ኪስ የሚገባው ኮንቨርተር የፀጉር ማድረቂያና የካውያ ነው። ትራንስፎርመር የለበትም፣ ሞገዱን በኤሌክትሮኒክስ እየቆራረጠ ነው የሚያሳልፈው። ለማሞቂያ ሽቦ ግድ የለውም፣ ለትራንስፎርመር ግን መርዝ ነው። ዛሬውኑ አስወግደው። ከእምምታውም የተወሰነው የእሱ ስራ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልግህ ብረትና መዳብ ያለው፣ ስታነሳው የሚከብድህ እውነተኛ ትራንስፎርመር ነው። አምፕህ የሚበላው ከ150 እስከ 170 ዋት ስለሚሆን 300 ቪኤ (በግርድፉ እንደ ዋት ቁጠረው) ከዚያም በላይ ከሆነ እፎይ ይላል። መርካቶ አታጣም። ሲገዙት ክብደቱን በእጅ መመዘን ነው፣ የተለጠፈበትን ቁጥር አትመን።

ሌላ ነገር አለ፣ ሰው የሚዘነጋው። የአሜሪካ ዕቃ በ60 ኸርዝ ታስቦ ነው የሚሰራው፣ እኛ 50 ነን። ቮልቴጁን ብቻ ስታስተካክል የትራንስፎርመሩ ብረት ከለመደው በላይ ይሰራል። 117 ቮልት በ60 እና 110 ቮልት በ50 ብታሰላው 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጫና አለ። ለዚህ ነው ቮልቴጁን ወደ 117 ከፍ አድርግለት የሚልህን የማትሰማው። 110 ይብቃው፣ ትንሽ ዝቅ ቢልም ግድ የለም፣ ብቻ ማሞቂያው ከ6 ቮልት ብዙ እንዳይወርድ በቴስተር እይ። ማታ መብራት ሲዋዥቅም እንደዚያው። መብራት ድንገት ከሄደ መጀመሪያ የአምፑን ማብሪያ አጥፋ፣ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት ፍሪጅህ ይቅመሰው።

ወደ ቀዩ ቀዳዳ እንመለስ። መጀመሪያ ሶኬቱን በአልኮል አጽዳ፣ ጥርሶቹን በቀጭን መርፌ ጠበቅ አድርጋቸው። ከዚያ መለኪያ ነው፣ ግን ከመለካትህ በፊት ይህን ስማኝ። ከሶኬት ነቅለኸውም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ቮልቴጅ ይቀራል። 10 ኪሎ ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ሁለቱ ጫፉ ላይ የተሸፈነ ሽቦ በይድለት፣ አንዱን ጫፍ ቻሲው (የአምፑ ብረት አካል) ላይ፣ ሌላውን ፊልተር ካፓሲተሩ ላይ አስነካና ቁጠር፣ በቴስተር ዜሮ መድረሱን ሳታይ እጅህን አታስገባ። ስትለካ ግራ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ቀለበትህን አውልቅ።

ከዚያ አንድ የድሮ ባለ ሽቦ አምፖል፣ 100 ዋት፣ ከኮንቨርተሩ በፊት ባለው 220 መስመር ላይ በሲሪስ (በተከታታይ) አስገባ። የጫጩት ማሞቂያ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ፣ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፣ ንቀል። አራቱን ኢኤል34 አውጥተህ በባዶው ሶኬት ላይ 5ኛውን እግር ከቻሲ ጋር ለካ። እሱ ግሪዱ ነው፣ ባያሱ የሚገባበት፣ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ መኖር አለበት። አምፖሉ ስላለ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን እይ። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የቀዩ ቀዳዳ ከጓደኛው ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ፣ ወይም ይባስ ብሎ ፖዘቲቭ ካሳየህ፣ ካፕሊንግ ካፓሲተሩ ነው። አንዱ ካፈሰሰ ሶስቱም ተራ ይዘው ነው የሚጠብቁት፣ አራቱንም ቀይር። 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ 600 ቮልት፣ ተራ ፊልም ካፓሲተር። የወርቅ ቀለም የተቀባ ባለ ስም ካፓሲተር የሚሸጥልህን አትስማ፣ ለእሱ የምታወጣውን ለኮንቨርተሩ አውጣው።

የኧርዝም ነገር አለ። አምፑ የመጣው በሁለት ሽቦ ነው፣ ባለ ሶስት ሽቦ ገመድ አድርግለትና ሶስተኛውን ቻሲው ላይ እሰር። ግን የካፌህ ግድግዳ ላይ ያለው ሶስተኛ ቀዳዳ እውነት ከመሬት ጋር መገናኘቱን ኤሌክትሪሻን ያረጋግጥልህ፣ ብዙ ቤት ስሙ ብቻ ነው ያለው።


የታቦር_ልጅ (ሀዋሳ)፦

ቦርዱ ከጠቆረ እኔ ወደ አዲሱ ቦርድ አደላለሁ፣ ጋሼ ይቆጡኝ ይሆናል። ካፕሊንግ ካፓሲተሮቹ የሚበየዱት እሱው ላይ ስለሆነ አራቱን ስትቀይር መስመሩ መነሳቱ አይቀርም፣ ሁለት ጊዜ ከምትሰራ አንዴ ጨርሰው።

ለዘመድህ የምትነግራት ነገር ብዙ አይደለም። አዲስ ድራይቨር ቦርድ ከነቲዩቦቹ፣ ካፕሊንጎቹ አብረው ይመጣሉ። የፊልተሩ ባለ አራት ክፍል ካፓሲተር፣ 30/20/20/20 በ525 ቮልት ተብሎ በኦሪጅናሉ መጠን አሁንም የሚሰራ አለ፣ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። አራት የተመጣጠኑ ኢኤል34፤ ስሎቫክ የሚሰሩት የጄጄዎቹ ደህና ናቸው። ከኢንተርኔት «የድሮ ኦሪጅናል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን እንዳትገዛ፣ ጽሑፉ በአልኮል የሚለቅ ስንት አይቻለሁ። የተመጣጠኑ መሆናቸው እዚህ አምፕ ላይ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ለሁለት ቲዩብ አንድ ባያስ ማስተካከያ ብቻ ነው ያለው። አሮጌዎቹን ኢኤል34 ግን እንዳትጥል፣ ጤነኞቹ መጠባበቂያ ናቸው። ጂዜድ34ህ ሲበራ ብልጭ ካላለ ተወው፣ የድሮዎቹ ከአሁኖቹ ይበልጣሉ።

ባያሱን ስታስተካክል የዳይናኮ ማኑዋል 1.56 ቮልት ይልሃል። እሱ በ15.6 ኦም ሬዚስተር ላይ ነው የሚለካው፣ ለሁለቱ ቲዩብ 100 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ለአሁኖቹ ቲዩቦች ይበዛል። 1.25 አድርገው፣ ለአንዱ 40 ሚሊአምፔር ይደርሳል፣ ድምፁ ላይ የምታጣው የለም፣ ዕድሜያቸው ላይ ግን ታገኘዋለህ፣ የቀጥ አርገህም ስሌት ይራዘማል። እኔ አንድ የማደርጋት ለውጥ አለች፦ የጋራውን ሬዚስተር አውጥቼ ለእያንዳንዱ ቲዩብ የየራሱ 10 ኦም አስገባለታለሁ፣ 0.4 ቮልት ካነበብክ 40 ሚሊአምፔር ነው፣ የትኛው ቲዩብ እየሸፈተ እንደሆነ ሳይቀላ ታውቃለህ። ያ መቼም አፕግሬድ ከተባለ ይባል።


ጋሽ_ብየዳ፦

አልቆጣም። አስሮቹን ኦሞች እኔም አደርጋለሁ። ስለ ቦርዱ ግን መጀመሪያ ሳላየው አልፈርድም፣ የጠቆረውን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈግፍገኸው ከስር ደህና ሆኖ የሚገኝ አለ። ከሰል ሆኖ ከሆነ የታቦር ልጅ ልክ ናት፣ ከሰል ከረንት ያስተላልፋል።


ቀጥ_አርገህ_ንገረኝ፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ፣ አስተካክለው። ሰኞና ማክሰኞ ግን ሰው በማይበዛበት ቀን በሌላ አምፕ አጫውት፣ ቲዩቡን ለሀሙስና ለቅዳሜ ማታ አስቀርለት። የእሱን ዕድሜ አራዘምንለት ማለት ነው ያለ አንድ ብር ወጪ። ደግሞ ባለ ሞኖ ሸክላ ስታጫውት ከፊት ያለውን ማብሪያ ወደ ሞኖ አዙረው፣ የጭረቱ ጩኸት የተወሰነው ይሸሻል።


ሸክላ_በፍራንኮ፦

የሰኞ ማክሰኞው ሀሳብ ተወስዷል። ለአክስቴ ልጅ ዝርዝሩን ልኬላታለሁ፣ «ይሄ ሁሉ ጠርሙስ ቢሰበርብኝስ» ብላ ፈርታለች፣ በልብስ መሀል በእጅ ሻንጣ ያዢው ብያታለሁ። የብሉቱዙ ሰውዬ ደውሎልኝ ነበር፣ ስራ በዝቶብኛል አልኩት። የትራንስፎርመሩ ሰውዬም ዋጋ ጨምሮ መጣ። ጋሼ፣ ግሪዱን ለመለካት ብቻዬን መግባት ትንሽ አስፈርቶኛል፣ እርስዎም አዳማ እንደሆኑ ከአነጋገርዎ ጠርጥሬያለሁ፣ ከተመቸዎት ቡናውን እኔ እችላለሁ።


ጋሽ_ብየዳ፦

አዳማ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። እስከዚያ አምፖሏን ፈልግ፣ ኮንቨርተሩን ግዛ፣ የቴስተርህንም ባትሪ ቀይር፣ በደከመ ባትሪ የተሳሳተ ቁጥር እያነበብን ስንጨቃጨቅ እንዳናመሽ። ቡናው ያለ ስኳር ይሁን።